አልፌው የሄድኩት በር

ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ደብዳቤ ስጽፍ እንኳ ልጄን «ይቺ ፊደል ልክ ናት?» እያልኩ ነው። ይህን ግን ራሴ ልጽፈው ፈለግሁ። ዛሬም ሳስታውሰው የሚመጣብኝ ሐዘን አይደለም፤ ንዴት ነው። የንዴቴ እኩሌታ በሰው ላይ፣ እኩሌታው በራሴ ላይ ስለሆነ የማወርድበት ቦታ አጥቼ ኖሬአለሁ።

ያኔ ምን ዓይነት ሴት እንደነበርኩ ላስቀድም። ቤቴ ደባርቅ ከተማ ዳር ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ። ያልፈላ ውሃ አላጠጣቸውም፤ ያልታጠበ ነገር አላስነካቸውም። ሰላም የምትባለው የአሥራ አራት ዓመቷ ልጄ ከትምህርት ቤት ትንሽ ከዘገየች ነጠላዬን ደርቤ መንገድ ላይ እቆማለሁ። ጎረቤቶቼ «አስካለ ዝናቡንም አፍልታ ነው የምታዘንበው» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ለልጆቼ እንዲህ ነኝ። ሰው ፊት ግን ሌላ ፍርሃት ነበረብኝ፤ የሚሉኝን እፈራለሁ። ልክ ያልሆነ ነገር ባይ እንኳ «ምን አገባኝ፣ ነገረኛ ይሉኛል» ብዬ እውጠዋለሁ። ጨዋነት ይመስለኝ ነበር።

ከከተማው በታች፣ ወንዙ ዳር፣ አምስት ሴቶች ሆነን አትክልት እናለማለን። ሰብሳቢያችን እትዬ በላይነሽ ነበረች። ክረምቱ እንደወጣ ሃያ ያህል ቤተሰቦች የወቅቱን አስቀድመው ይከፍሉናል፤ በዚያ ዘር ገዝተን እንተክላለን፤ ከዚያ እስከ ፋሲካ ድረስ በየዓርቡ መሬቱ የሰጠውን እንካፈላለን። ካሮት ሲደርስ ካሮት፣ ቀይ ስር ሲደርስ ቀይ ስር። ውርጭ ድንቹን ከመታው ሁላችንም ያለ ድንች እንቀራለን። ሐሳቡን ያመጣችው እትዬ በላይነሽ ናት። «ሥጋ በቅርጫ እንካፈል የለም እንዴ? ጎመን ምን አነሰው?» አለች። መጀመሪያ ሰዉ ሳቀብን። «ጎመኑ የታረደው ዛሬ ነው ትናንት?» እያሉ የሚያሾፉ ነበሩ። ኋላ ግን ወደዱት።

አካፋፈሉም እንደ ቅርጫው ነው። ሸራ ዘርግተን እኩል እኩል እንመድባለን። መዳቢዋ እኔ ነኝ፤ ለአንዱ አንዲት ካሮት ብትበልጥ ከሁሉም በላይ የሚከነክነኝ እኔን ስለሆነ። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ዕጣ ይሰጣል፤ አንዱ የልብስ ቁልፍ፣ አንዱ የክብሪት እንጨት፣ አንዱ የበቆሎ ፍሬ። የማን እንደሆነ የማያውቅ መንገደኛ ጠርተን በየመደቡ ላይ ያስቀምጠዋል። ዕጣ ከወደቀ በኋላ ያ መደብ የባለቤቱ ነው። ማንም ቅጠል አያነሳበትም፣ ማንም አይለውጠውም። ይህን ደግሞ አገራችን ያደገ ሁሉ ያውቀዋል።

ሌላም ሕግ ነበረን፤ ይህኛው የአምስታችን ብቻ ነው። ለባለድርሻዎቹ «አትክልታችንን መድኃኒት አይነካውም» ብለናቸዋል። እኔም በገዛ አፌ ብያለሁ። እውነቱ ግን ትል ሲብስብን እንረጫለን። የረጨነው እርከን ላይ ቀይ ጨርቅ እናስራለን፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው አይቆረጥም። «ቀኑ ሳይሞላ እስካልቆረጥነው ድረስ ምን ጉዳት አለው» ብለን ራሳችንን አሳምነናል። ውሸት ነበር። ዛሬ ውሸት ብዬ እጽፈዋለሁ።

ነገሩ የሆነው በሁዳዴ፣ አንድ ዓርብ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓርብ አንዲት ባለድርሻ ጥቅል ጎመኗን ከፍ አድርጋ ይዛ፣ «ይኼ ለእኔ ነው ለዶሮ? ከቅጠሉ ቀዳዳው ይበልጣል!» ብላ በሰው ፊት አሳፈረችን። እትዬ በላይነሽ ማክሰኞ ዕለት የላይኛውን እርከን ረጨችው። ቀይ ጨርቁን ስታስር በዓይኔ አይቻታለሁ።

ዓርብ ጠዋት ስደርስ ከአምስታችን ሁለቱ ሴቶች ጎመኑን ቆርጠው ሸራው ላይ ከምረውታል። ጎመኑ ያምር ነበር፤ ጠንካራ፣ ትል ያልነካው። መመደብ ጀመርኩ። ሦስተኛውን ይሁን አራተኛውን ሳነሳ አንድ ሽታ አፍንጫዬን ያዘኝ። የበሰበሰ ነጭ ሽንኩርት ከጋዝ ጋር የተቀላቀለ ይመስላል። እጄን አሸተትኩ። አጠገቤ እርጥብ ነጭ ሽንኩርት ተከምሯል። «እሱ ነው» አልኩ ለራሴ። አፍንጫዬ ግን አውቋል። ቀና ብዬ ወደ ላይኛው እርከን አየሁ፤ ቀይ ጨርቅ የለም። እትዬ በላይነሽ ከባለድርሻዎቹ ጋር እየሳቀች ታወራለች። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ይህ ጎመን ከየት ነው?» ብዬ ልጠይቅ? ተሳስቼ ቢሆንስ? አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት። መመደቤን ቀጠልኩ።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ያኔ ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ይህን የምጽፍበት ምክንያት አይኖረኝም ነበር።

ወደ ሳንቃ በር የሚወጣ በቅሎ ነጂ በመንገዱ ሲያልፍ ጠሩት።

«ና እስቲ ዕጣ ጣልልን!»

«ለእኔስ አንድ ጥቅል አይደርሰኝም?»

«አንተ ዓይንህን ብቻ ጨፍን!»

«ጨፍኜ አይደል እንዴ ሚስት ያገባሁት!» አለና ሰዉን አሳቀው። ዕጣው ወደቀ። ሰዉ የየራሱን ማንሳት ጀመረ።

መጀመሪያ ያነሳችው ገነት ናት። ባሏ የፓርክ ስካውት፣ የዱር አራዊት ጠባቂ ስለሆነ ሳምንቱን ተራራ ላይ ነው የሚያሳልፈው፤ ቤት ውስጥ እሷና የአራት ዓመት ልጇ ሐና ብቻ ናቸው። ሐና የእናቷን ቀሚስ ይዛ፣ «እማዬ፣ ቤት ስንደርስ ባርኔጣ ትሠሪልኛለሽ?» ትላታለች።

«የላዩን ቅጠል ነው የምትለው» አለችኝ ገነት እየሳቀች። «ትደፋውና፣ ሲሰለቻት ደግሞ ትበላዋለች። ፍየል ናት የወለድኩት!»

እኔም ሳቅሁ። ሽታው ከእጄ ሳይለቅ ሳቅሁ።

ቀጥሎ መሪጌታ መደባቸውን አነሡ፤ በቤተ ክርስቲያን ስንት ልጅ ያስተማሩ፣ አሁን በእርጅና ቤታቸው የተቀመጡ አባት ናቸው። የእኛን መደብ ደግሞ ሰላም ይዛ ወጣች፤ የከሰዓት ተማሪ ናት። ሦስቱ ከሄዱ በኋላ ነው ወደ እትዬ በላይነሽ ጠጋ ያልኩት።

«እትዬ፣ ጎመኑ ከየትኛው እርከን ነው?»

«ከላይኛው መሰለኝ። ምነው?»

«የላይኛው እኮ ቀይ ጨርቅ ነበረው።»

«ረቡዕ አትክልቱን ሊያዩ እንግዶች መጥተው አልነበር? ምንድን ነው ብለው እንዳይጠይቁኝ አነሳሁት።»

«መልሰሽ አላሰርሽውም?»

ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። «ወይኔ» አለች። ወዲያው ግን ክንዴን ጨብጣ ወደ ዳር ወሰደችኝ። «ዝም በይ። ጾም ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማን ይበላል? አጥበው ቀቅለው ነው የሚበሉት።»

«ሕፃን አይጾምም» አልኳት።

ክንዴን ለቀቀችኝ። ከዚያ ሸራው አጠገብ ለቀሩት ሰዎች፣ «ጎመኑን ተዉት፣ ትል አግኝተንበታል፣ ከታችኛው ቆርጠን እንለውጥላችኋለን!» ብላ ጮኸች። ማጉረምረም ጀመሩ። ወደ እኔ ዞራ፣ «የሄዱትን ተከተያቸው። ትል በያቸው። መድኃኒት የሚል ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ! አምስት ቤት ነው የምትዘጊው» አለችኝ። የገነትን ስልክ ሞከረች። መብራት ከጠፋ ሁለት ቀን ሆኖት ስለነበር ስልኩ ዝግ ነው። የእኔ ስልክ ደግሞ ከሰላም ጋር ሄዷል፤ እሱም ባትሪው አልቋል። ሮጥኩ።

ከወንዙ ወደ ከተማ ሲወጣ መጀመሪያ የሚገኘው የገነት ቤት ነው፤ ከቦኖው አጠገብ፣ በሩ በመንገዱ ላይ። የእኔ ቤት ዳገቱን ጨርሶ ነው። የመሪጌታ ከእኔ ቤት ጥቂት አለፍ ብሎ።

የገነት በር ገርበብ ብሏል። የቢላ ድምፅ ይሰማል። ሐና እየዘፈነች ነበር፤ ራሷ የፈጠረችው፣ መጨረሻ የሌለው ዘፈን።

አልፌው ሄድኩ።

ሰላም እንደምትጾም አውቃለሁ። ትንሹ ልጄ ትምህርት ቤት እንደሆነ አውቃለሁ። እቤቴ ያን ሰዓት ጎመን የሚቀምስ ሰው እንደሌለ፣ እዚህ በር ውስጥ ግን አንዲት ፍየል እንዳለች አውቃለሁ። ሁሉንም እያወቅሁ እግሬ አልቆመም። ዓይኔ ውስጥ የነበረችው ሰላም ብቻ ናት። «እሷን አይቼ እመለሳለሁ» አልኩ።

ስደርስ ደብተሯን ዘርግታ ትጽፋለች። ጎመኑ በከረጢቱ እንዳለ ማዕዘን ላይ ተቀምጧል።

«ነካሽው?»

«ምኑን?»

«ጎመኑን! አፍሽ ውስጥ ከተሻል?»

«እማ፣ ጾም እኮ ነው! ምን ሆነሻል?»

እጇን በሳሙና አጠብኩት፤ ደገምኩት፤ ሠለስኩት። ከዚያ ተቀመጥኩ። ውሃ ጠጣሁ። አንድ ሙሉ ብርጭቆ፣ ቀስ ብዬ። ለዚያች ብርጭቆ እስከ ዛሬ ይቅርታ አላገኘሁላትም። ከዚያ ደግሞ «መሪጌታ ቅርብ ናቸው» ብዬ ወደ እሳቸው ሄድኩ።

መሪጌታ ከግድግዳው ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ።

«እንዴት ዋሉ መሪጌታ፣ ጎመኑ ትል ተገኝቶበታልና ልለውጥልዎ ነው የመጣሁ።»

«ትልስ የእግዚአብሔር ፍጥረት አይደለም?» ብለው ሳቁ። «ተዪው ልጄ። ዕጣ ከወደቀ ወዲያ አይነሳም። ሐዋርያት ማትያስን በዕጣ ሲመርጡ ማን መልሶ አነሳው?»

«ግድ የለዎትም መሪጌታ፣ የተሻለ እናመጣልዎታለን።»

«የተሻለማ አልፈልግም። የደረሰኝን ነው የምፈልግ። እንዲያውም የሰጡትን መልሶ መውሰድ ነውር ነው፤ ማን ላከሽ?»

በላይነሽ «ትል በያቸው» ያለችኝን እዚያው ተውኩት። 

«መድኃኒት ተረጭቶበታል፣ መሪጌታ! እኛው ነን የረጨነው። አይነካውም ያልናችሁ ዋሽተናችሁ ነው።»

ፈገግታቸው ጠፋ። ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ። «ሌላ ማን ወስዷል?»

«ገነት።»

«ሕፃን ያለቻት?»

«አዎ።»

«ታዲያ አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አሉኝ።

እኚህ ሰው በሕይወታቸው ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ያም ክፉ ቃል አልነበረም። ዳገቱን እየወረድኩ ጆሮዬ ውስጥ ሲደጋገም ግን በጥፊ የተመታሁ ያህል ያቃጥለኝ ነበር።

ገነት በሩ ላይ ልጇን ታቅፋ ስትወጣ ደረስኩ። ሐና ላብ በላብ ሆናለች። ምራቋ በአገጯ ይወርዳል፣ ቢጠርጉት አይቆምም። አስታውካለች። ዓይኗን አየሁት፤ ብሌኑ የጤፍ ፍሬ አክሏል። ትንንሽ ጣቶቿ ብቻቸውን ይንቀጠቀጣሉ።

«አስካለ፣ ድረሽልኝ! አሁን ስትዘፍን ነበር፣ አሁን!»

«ጎመኑ ነው። መድኃኒት አለበት።»

አላመነችም። «የምን መድኃኒት? መድኃኒት አይነካውም ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ? እዚህ ቦኖ ላይ ቆመሽ?»

«እኔ ነኝ። ነይ፣ አሁን አትቁሚ!»

ባጃጅ ውስጥ ሐና ጭኔ ላይ እግሯን ዘርግታ ነበር። ገነት አንድም ጊዜ አላየችኝም።

ሆስፒታል እንደደረስን ተቀብለው አስገቧት። ልብሷን አውልቀው አጠቧት። ሐኪሙ ወጥቶ፣ «ምን ዓይነት መድኃኒት እንደሆነ ማወቅ ይጠቅመናል። ዕቃውን አምጡልን» አለኝ። በዚህ መሐል እትዬ በላይነሽ እያለከለከች መጣች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ወደ ጥግ ሳበችኝ።

«ለሐኪሙ ምን አልሽው?»

«እውነቱን።»

«ጉድ አደረግሽን! የበላችው ሌላ ነገር ቢሆንስ?»

«ጠርሙሱን አምጪው።»

«ጣልኩት።»

«የት?»

«ወንዝ ውስጥ።»

ደረቷ ላይ ነጠላዋን እንዴት እንደጨበጠች አየሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የዋጥኩት ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነሣ። «በላይነሽ!» አልኩ፤ «እትዬ» አላልኩም። «እዚህ ሰው ሁሉ ፊት ፈትሼሽ ነው የምወስደው! ልጅ እየሞተች አንቺ ስምሽን ታቅፈሻል?» በግቢው ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። የሚሉኝን አላሰብኩም። እጄን ወደ ነጠላዋ ስዘረጋ ራሷ ከጉያዋ አወጣችው። የዘይት ጠርሙስ ነው፤ ጽሑፍ የለው፣ ምልክት የለው፤ ከገበያ እየቀዱ የሚሸጡት። ሐኪሙ ገና ክዳኑን ሲከፍተው አወቀው። የማርከሻውን መርፌ ሲወጉ፣ ቆይተው ሲደግሙ፣ በመስኮቱ አየሁ።

ወደ አመሻሽ ላይ የሐና ምራቅ ቆመ። ላቧም ደረቀ። ዓይኗን ገልጣ «ውሃ» አለች። ሐኪሙ «በጊዜ ደረሳችሁ» አለን። ከግድግዳው ተጣብቄ እዬዬ ስል ገነት ከልጇ አልጋ ሳትነሣ ጠራችኝ።

«ስትመጪ እቤትሽ ደርሰሽ ነው እንዴ? ከላይ ነው ስትሮጪ የወረድሽው።»

«አዎ።»

«በደጄ አልፈሽ?»

መዋሸት እችል ነበር። «አልፌ» አልኳት።

«ድምፃችንን ሰማሽ?»

«ሐና ስትዘፍን ሰማሁ።»

 የልጇን ግንባር በመዳፏ ሸፈነችው። «እኔም ብሆን መጀመሪያ ወደ ልጄ ነበር የምሮጠው» አለች በመጨረሻ። «አንቺን ግን ማየት አልፈልግም። ውጪልኝ።»

ወጣሁ።

በሚቀጥለው ዓርብ ሸራው ላይ ቆሜ ሁሉንም ለሁሉም ተናገርኩ፤ መርጨታችንን፣ ጨርቁን፣ ሽታው ሸትቶኝ ዝም ማለቴን ጭምር። የሰደቡኝ አሉ፤ ልክ ናቸው። ገሚሶቹ ጥለውን ሄዱ። በላይነሽም ሄደች፤ እስከ ዛሬ «አስካለ ናት ያፈረሰችን» ትላለች አሉ። የላይኛውን እርከን ጎመን ነቅለን ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርነው። የቀሩት ቤተሰቦች ከእኛ ጋር ቀዳዳ ያለው ጎመን ለመብላት ተስማሙ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ እናቶች፣ በላይነሽ ላይ ብቻ የምቆጣ እንዳይመስላችሁ። እሷ ጨርቅ አነሳች። እኔ እኮ ሸትቶኛል! ውሃ አፍልቼ የማጠጣ፣ ልጆቼን እንደ ዓይኔ ብሌን የምጠብቅ ጥንቁቅ ሴት ነበርኩ። ጥንቃቄዬ ግን ደጃፌ ላይ ያልቅ ነበር። ጨዋነት ያልኩት ዝምታዬ የሰው ልጅ ሊገድል ነበር። ቀዳዳ የሌለው ጎመን አምጡልን እያላችሁ የምታዋርዱንም፣ እባካችሁ፣ ትሉን የገደለው ምን እንደሆነ ጠይቁ። ያለ ጽሑፍ በዘይት ጠርሙስ መርዝ እየቀዳችሁ የምትሸጡ ደግሞ፣ ለእናንተ የሚሆን ቃል አጥቼ ነው የተውኩት።

የገነት መደብ በየዓርቡ ይመደብ ነበር፤ ድርሻዋ ነው። እሷ ግን አልመጣችም። ሌሎቹ «ለሌላ ሰው እንስጠው» ሲሉኝ እምቢ አልኩ። እስኪጠወልግ ይቀመጣል፣ ከዚያ መልሼ አፈር አለብሰዋለሁ።

ከሆሣዕና በፊት በነበረው ዓርብ መጣች። ብቻዋን ናት። ለማንም ሰላምታ አልሰጠችም። ዕጣው ገና አልወደቀም። ሸራው ላይ ገብታ ካንዱ መደብ ጥቅል ጎመን አነሣች፤ ከላዩ አንድ ቅጠል ገነጠለችና ዘረጋችልኝ።

«ብዪ» አለችኝ።

 ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ነው፤ ጾሜን እንደሆንኩ ታውቃለች። መሪጌታም ቆመው ያዩ ነበር።

ተቀበልኳት። ሳላጥበው አፌ ውስጥ ከተትኩት። ዕድሜዬን ሙሉ ያልታጠበ ነገር በልቼ አላውቅም። ጥሬ ነው፣ አሸዋ አለው፣ አኝኬ አልጨርሰው አልኩ። ገነት ዓይን ዓይኔን እያየች ቆማ ጠበቀች፤ እስክውጠው ድረስ።

ከዚያ ከኪሷ የልብስ ቁልፍ አውጥታ ከሌሎቹ ዕጣዎች ጋር ጨመረች።